ሆጆዎች፦ ሾጉን ሳይሆኑ ጃፓንን የገዙ ሳሙራዮች

ዘመኑ 13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኪዮቶ ውስጥ ንጉሠ ነገሥት አለ። ካማኩራ ውስጥ ደግሞ ሾጉን፣ ማለት የጦር አለቃው ገዢ፣ አለ። ሁለቱም ግን የስም ናቸው። አገሩን የሚያዘው የሾጉኑ እንደራሴ ነው፤ እንደራሴው ደግሞ ሁልጊዜ የሆጆ ቤት ሰው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ገዙ።

(ካርታ፦ የኢዙ ምድር)

ነገሩ የጀመረው በጋብቻ ነው። በ1160 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሁለቱ ተቀናቃኝ የጦረኛ ቤቶች ታይራዎች ሚናሞቶዎችን ድል ነሱ። ገና ልጅ የነበረውን ሚናሞቶ ዮሪቶሞንም ወደ ኢዙ አጋዙት። እዚያ ይጠብቁት ከነበሩት አንዱ ሆጆ ቶኪማሳ ነው፤ ይህ ነው የሚባል ጦር የሌለው የገጠር ባላባት። ልጁ ማሳኮ ግዞተኛውን አገባች። አባቷ መጀመሪያ አልፈለገም ይባላል። በ1180 ዮሪቶሞ ሲሸፍት ግን አማቹም አብሮት ወጣ። ታይራዎች በ1185 ዳንኖኡራ ባሕር ላይ አለቀላቸው፤ በ1192 ዮሪቶሞ ሾጉን ተባለ።

በ1199 ሞተ። ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ማሳኮ መነኮሰች፤ ከፖለቲካው ግን ንቅንቅ አላለችም። በ1203 አባቷ እንደራሴ ሆነ። የበኩር ልጇ ዮሪዬ ከሾጉንነት ወርዶ በዓመቱ ተገደለ። አባቷ ሁለተኛውን ልጇን ሳኔቶሞንም ሊያወርድ ሲያሴር፣ ከወንድሟ ከዮሺቶኪ ጋር ሆና የገዛ አባቷን አባረረች። ሳኔቶሞም አልተረፈም፤ በ1219 የወንድሙ ልጅ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ገደለው። ሆጆዎች ምን አደረጉ? ከኪዮቶ አንድ ሕፃን አስመጡ። ሾጉኑ ሕፃን፣ እንደራሴው አዋቂ። ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል?

በ1221 ከዙፋን የወረደው ንጉሠ ነገሥት ጎቶባ «ዮሺቶኪን ውጉ» ብሎ አዘዘ። ሳሙራዮቹ ልባቸው ተከፈለ። ማሳኮ ሰበሰበቻቸውና የዮሪቶሞ ውለታ ከተራራ ይበልጣል፣ ከባሕር ይጠልቃል አለቻቸው። ወር ሳይሞላ ኪዮቶ ገቡ። ጎቶባ ኦኪ ደሴት ተጋዘ፤ ከተሸነፉት የተወረሰው መሬትም ለአሸናፊዎቹ ታደለ።

በ1232 እንደራሴ ያሱቶኪ 51 አንቀጽ ያለው ሕግ አወጣ። ጥሩ ዘመን ነበር።

(ሥዕል፦ የሞንጎል መርከቦች ሃካታ ባሕረ ሰላጤ ላይ)

የሞንጎሎቹ ገዢ ኩብላይ ካን በ1274 እና በ1281 ጦር ላከ። ሁሉም ሰው የሚያወራው መርከቦቹን ስለበታተነው ማዕበል ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የመጣው ከድሉ በኋላ ነው፦ ጠላት ተባረረ፣ የሚታደል መሬት ግን የለም። ታኬዛኪ ሱዬናጋ የሚባል ሳሙራይ በመጀመሪያው ውጊያ ከፊት ተሰልፎ ነበር፤ ሽልማት ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለም። በ1275 ፈረሱንና ኮርቻውን ሸጦ ስንቅ ያዘና ከደቡቡ ደሴት ከኪዩሹ ካማኩራ ድረስ ሄዶ አቤት አለ። ተሳካለት፤ ሹመትም ፈረስም ተሰጠው። ብዙዎቹ ግን እንደ እሱ አልቀናቸውም። ዕዳ ውስጥ ገቡ። በ1297 መንግሥት የሸጡትና ያስያዙት መሬት ይመለስላቸው ብሎ አወጀ። አበዳሪዎችም እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ችግሩ ባሰ። ሆጆዎች ግን በየአውራጃው ሹመቱን ለራሳቸው ሰዎች ማድረጋቸውን አልተዉም።

በ1333 ንጉሠ ነገሥት ጎዳይጎ ሲያምፅ፣ እንዲያስታግስ የተላከው አሺካጋ ታካውጂ ከድቶ በሆጆዎች ላይ ዞረ። ኒታ ዮሺሳዳ የሚባል ሌላ የጦር መሪ ደግሞ ካማኩራ ገባ። የሆጆ ቤት ሰዎች ቶሾጂ በተባለው ገዳም ራሳቸውን አጠፉ። ታካውጂ በ1338 ራሱ ሾጉን ሆነ። ሚስቱ ከመጨረሻዎቹ የሆጆ እንደራሴዎች አንዱ የነበረው የሞሪቶኪ እህት ናት።