ጣና ደጃፋችን ነው፤ አምስተኛ ፎቅስ ውሃ አለ?

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ የሕንፃ ባለቤቶች፣ ኮንትራክተሮች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ስለ እሳት መናገር ትንሽ ያስቸግራል። ሰው ወዲያው በመስኮት ወደ ጣና ያያል። «ይሄ ሁሉ ውሃ እያለ ምን ያስፈራል?» ይላል። አባቶቻችን መልሱን ቀድመው ተናግረውታል፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። ሐይቁ ታች ተኝቷል። እሳቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመካከል ታንከር፣ ፓምፕ፣ ቧንቧና አስተማማኝ ኃይል ከሌለ ጣና ለፎቶ ብቻ ነው የሚሆነን።

እስኪ ከውሃው ልጀምር። ብዙው ሕንፃችን ጣሪያው ላይ ሮቶ አለው። ባለቤቱም ሮቶውን እያየ ይረጋጋል። ውሃ በየ10 ሜትር ቁመቱ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። 25 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ታች ምድር ላይ 2.5 ባር ያህል ይሰጣል ማለት ነው። መጥፎ አይደለም። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ግን ሮቶው ከራሳችሁ በላይ ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ነው። የእሳት ቱቦውን ስትከፍቱ ውሃው እግራችሁ ሥር ይንጠባጠባል። ለታንከሩ በጣም የቀረበው ፎቅ በግፊት ግን የመጨረሻው ድሃ ነው። ስለዚህ ፓምፕ የግድ ነው።

ፓምፑም የራሱ ጣጣ አለው። እሳት ሲነሳ መጀመሪያ መብራት እናጠፋለን፤ ልክ ነው። ፓምፑ ከዚያው ዋና ብሬከር የሚመገብ ከሆነ ግን እሱም አብሮ ይጠፋል። የእሳት ፓምፕ መስመር ከዋናው ማጥፊያ በፊት ለብቻው መነሳት አለበት፤ ካልሆነም ተጠባባቂ የናፍጣ ፓምፕ ይኑር። ደግሞ ከፍታችንን አትርሱ። ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ፓምፕ ከሥሩ ያለውን ውሃ በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ያህል መሳብ ይችላል። እዚህ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። የናፍጣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። የካታሎግ ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ዲዛይን ላይ የሚለጥፍ መሐንዲስ ይሄን አያየውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ፓምፑን ከታንከሩ ውሃ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ውሃው ራሱ ይምጣለት።

ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላ ዘዴ ልጨምር። ለሻወርና ለመጸዳጃ የሚወጣውን ቧንቧ ከታንከሩ ወለል ከፍ አድርጋችሁ አውጡት። የእሳቱን ከታች አውጡት። ያኔ የከተማው ውሃ ለቀናት ቢጠፋ እንኳ የእሳቱን ድርሻ ሻወር አይጨርሰውም። ይሄ ፕላን ላይ አንድ መስመር ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ታንከር መብሳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ውሃ እሳት ያጠፋል፤ ሰው የሚያድነው ግን ደረጃ ነው።

እሳት ውስጥ ከነበልባሉ ይልቅ ጭሱ ብዙ ሰው ይገድላል። የዛሬ ሶፋና ፍራሽ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ ይለቃል። ክፍሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊቀጣጠል ይችላል። የእሳት አደጋ መኪና በዘምባባው ጎዳና ቢበርም፣ ኮብልስቶኑ ላይ የቆሙትን ባጃጆች አስነስቶ በር ላይ እስኪደርስ ያ ጊዜ አልፏል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪና እንደ ልብ አለመግባቱ ምን ያህል እንዳስቸገረ ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰውን የሚያወጣው ሕንፃው ራሱ ነው።

ሕንፃዎቻችንን እንያቸው። መሀል ላይ ክፍት የሆነ፣ የሚያምር፣ ከታች እስከ ላይ የሚታይ ደረጃ አለ። ሰው ይወደዋል፤ እኔም አልጠላውም። እሳት ሲነሳ ግን ያ ደረጃ የጭስ ማውጫ ይሆናል። ታች ሱቅ ውስጥ የተነሳ ጭስ ከሰዎቹ ቀድሞ ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው በግድግዳና ራሱን በሚዘጋ፣ እሳት በሚቋቋም በር የታጠረ ሁለተኛ መውጫ ደረጃ የሚያስፈልገው።

«ፕላኑ ላይ እኮ አለ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ፕላኑ ላይ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነውንና ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃ ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቶ፣ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ ሥራ እንዳይጀምር አድርጎ ነበር። ፈቃዱ እስኪወጣ ደረጃው ይጸዳል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የቢራ ሳጥን ይገባበታል። ትርፍ ፍራሽ ይከተላል። አንዳንዱ ጋ ምድር ላይ ያለው መውጫው ተከራይቶ ሞባይል ይሸጥበታል። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የአደጋ ጊዜ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አይቻለሁ። ቁልፉ የት እንዳለ ስጠይቅ «ጥበቃው ጋ ነው» አሉኝ። ጥበቃው ምሳ ወጥቷል።

ባለቤቶች ለምን እንደሚቆልፉ ይገባኛል። ሌባ አለ፤ ሳይከፍል የሚሄድ እንግዳም አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1911 የትራያንግል ልብስ ፋብሪካ ባለቤቶችም ይሄው ነበር ሰበባቸው። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ከውስጥ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት የበር መግፊያ አለ። ሲከፈት የሚጮህ ደወልም ይገጠምለታል። ሌባውም አይገባም፣ እንግዳውም አይቃጠልም። ዋጋው ለሎቢው ከምትገዙት እምነ በረድ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ በር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ። ክብ ነው፤ በሮቹ በተለያየ አቅጣጫ ናቸው። በእንዲህ ያሉ ቤተ ክርስቲያኖች ወንዱና ሴቱ የሚገባበት በር ይለያያል። ለእሳት ተብሎ እንዳልተሠራ አውቃለሁ። ግን ያ ሁሉ ምእመን በአንድ በር አይጋፋም።

ስለ ውጭ ግድግዳም ትንሽ ልበል። አሁን ሁሉም ሕንፃውን በክላዲንግ መሸፈን ይፈልጋል። ሁለት የአሉሚኒየም ቅጠል መሀል ፕላስቲክ ያለበት ዓይነት አለ። ሲነድ እሳቱን ከውጭ በኩል ከፎቅ ወደ ፎቅ ያሻግረዋል። ለንደን ግሬንፌል ታወር ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ይሄው ነው የሆነው፤ 72 ሰው ሞተ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳውን ነፋስ ጨምሩበት። ስትገዙ መሀሉ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ የሙከራ ሰነዱንም በእጃችሁ ያዙ። መስታወት ከሆነ ደግሞ በመስታወቱና በስላቡ፣ ማለትም በፎቁ ወለል፣ ጠርዝ መካከል የሚቀረውን ክፍተት በማይነድ ነገር ድፈኑት። ቧንቧና ገመድ ከፎቅ ፎቅ የሚያልፍበት ዳክትም በየፎቁ ይደፈን።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። አንድ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይስባል። የሆቴል ወጥ ቤት ሁለት ሦስት ምጣድ በአንድ መስመር ላይ ይሰካል፤ ብሬከሩ ይወርዳል። ያኔ ኤሌክትሪሺያኑ ተጠርቶ ትልቅ ብሬከር ይቀይራል። ብሬከሩ ከዚያ ወዲያ አይወርድም፤ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ቀጭን ገመድ ነው። እያንዳንዱ ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ኮንትራክተሮች፣ እናንተን ሳልነካ አልወርድም። ኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ 500፣ 600 ዲግሪ ሲደርስ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከዚያ ሙቀት የሚከልለው ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ነው። ከፍ አድርጎ የሚይዘው ስፔሰር ሳይደረግለት ኮንክሪቱ የሚሞላበት ፎርምወርክ ላይ የተኛ ፌሮ ያ መከለያ የለውም፤ ልስን ደግሞ አይተካውም። ብየዳ ሲኖርም ከሥሩ ያለውን ጣውላና ስፖንጅ አንሱ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ለአንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው መድቡ። የባሕር ዛፍ ስካፎልዲንግ ፍንጣሪ ይዞ ቆይቶ ነው የሚቀጣጠለው።

ከሻይ በኋላ እዚያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ገና ቁፋሮ ያልጀመራችሁ ፕላናችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በእርሳስ የሚስተካከለውን አብረን እናያለን። ሕንፃው ያለቀላችሁ ደግሞ ስልካችሁን አውጡና የአደጋ ጊዜ በራችሁ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ አሁኑኑ ደውላችሁ ጠይቁ። አመሰግናለሁ።