ገዢው 4 ሺህ ሰው ብቻ የሆነ ጌም በስንት ይሸጥ?

(ስክሪኑ ላይ፦ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ዋሻ። በትንንሽ ሥዕል የተሠሩ ተዋጊዎች። ከጎን ረጅም ጽሑፍ።)

ይህን ጌም እስቲ እዩት፤ ጄንፎርጅ 4 ይባላል። ግራፊክሱ ያረጀ ነው። ገጸ ባሕርያቱ አይናገሩም፤ ንግግራቸው የሚነበብ ነው። ዋጋው ደግሞ 28 ዶላር ነበር። ያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ "ለዚህ?"

ዛሬ ይህችን ጥያቄ እንመልሳለን። ጥቂት ሰው ብቻ የሚወደው፣ አንድ ሁለት ሰው ተሰብስቦ የሚሠራው የአርፒጂ ጌም ዋጋው እንዴት ነው የሚቆረጠው? ለምንስ ነው ርካሽ ማድረጉ ብዙ ጊዜ ሠሪውን የሚጎዳው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አርፒጂ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። አንድ ገጸ ባሕርይ ትይዛላችሁ፣ ታሳድጉታላችሁ፣ ታሪኩ ውስጥ ውሳኔ ትወስናላችሁ። ረጅም ነው። ሠላሳ አርባ ሰዓት የሚፈጅ ሞልቷል። ለመሥራትም እንደዚያው ነው፤ ካርታው፣ ንግግሩ፣ ጦር መሣሪያው፣ እያንዳንዱ ምርጫ የሚያስከትለው ነገር፣ ሁሉም በእጅ ነው የሚሠራው።

(ስክሪኑ ላይ፦ የሲያትል ከተማ።)

ጄፍ ቮገል የሲያትል ሰው ነው። ስፓይደርዌብ ሶፍትዌርን ያቋቋመው በ1994 ነው። የመጀመሪያ ጌሙ ኤግዛይል በ1995 ወጣ። ታሪኩ የሚያምር ነው። ከመሬት በላይ ያለው መንግሥት ያልፈለገውን ሰው ሁሉ ወደ ምድር ሆድ ይወረውራል። መመለሻ የለም። የተጣሉት ሰዎች እዚያ ጨለማ ውስጥ አገር ይመሠርታሉ። እናንተም አንድ ቀን ትወረወራላችሁ፤ ጌሙ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በ2001 ደግሞ ጄንፎርጅ መጣ። እዚህ ሕይወት ያለው ፍጥረት ትሠራላችሁ። ፋዮራ የምትባል እሳት የምትተፋ ትንሽ እንሽላሊት አለች። ከራሳችሁ ጉልበት ቀንሳችሁ ትፈጥሯታላችሁ። ከኋላችሁ እየተከተለች ትዋጋለች፣ በየውጊያውም ትጠነክራለች። እንዲህ የተሠራ ፍጥረት መብት አለው ወይስ ዕቃ ነው? ጌሙ ይህን ይጠይቃችኋል። ከማን ወገን እንደምትቆሙም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

ይህን የሚወድ ሰው ከልቡ ነው የሚወደው። ችግሩ፣ የሚወደው ሰው ጥቂት ነው።

ያኔ አሸጣጡ ሼርዌር የሚባለው ነበር። ዴሞውን በነጻ ታወርዳላችሁ። ዴሞ ሲባል የአሥር ደቂቃ ቅምሻ እንዳይመስላችሁ። ሰዓታት ትጫወታላችሁ። ገጸ ባሕርያችሁ ታድጋለች፣ ጠላት ታፈራላችሁ፣ ያልጨረሳችሁት ተልእኮ ይከማቻል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ይዘጋል። መቀጠል የፈለገ ይክፈል የሚል መልእክት ይመጣል። ትከፍላላችሁ፣ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ቁጥሩን ስታስገቡ መንገዱ ይከፈታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። 28 ዶላር እንዲከፍል የሚጠየቀው ማን ነው? መንገድ ላይ ያለፈ ሰው አይደለም። ለሰዓታት ተጫውቶ "ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?" እያለ ያለ ሰው ነው። ለእሱ ያረጀው ግራፊክስ ከተረሳ ቆይቷል። ለሌላው ሰው ግን ዋጋው 1 ዶላር ቢሆንም አይገዛውም፣ ምክንያቱም ከጅምሩ አልፈለገውም። በእኔ እምነት የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። ዋጋ ብትቀንሱ የማይፈልጋችሁ ሰው ወዳጅ አይሆንላችሁም።

(ስክሪኑ ላይ፦ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ የሒሳብ ማሽን።)

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ2009 ቮገል ብዙ ሠሪዎች የሚደብቁትን ነገር ይፋ አወጣ፤ ጄንፎርጅ 4 ስንት እንደፈጀና ስንት እንደሸጠ። ወጪው ወደ 120 ሺህ ዶላር ነበር። የተሸጠው ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ 4 ሺህ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቅጂ።

አራት ሺህ። አንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ እንኳን አይሞላም።

120 ሺህን ለ28 እናካፍል። ወደ 4,300 ቅጂ ይመጣል። ቀረጥና የክፍያ ወጪ ለጊዜው እንተወው። እንግዲህ በ28 ዶላር ሒሳብ ጌሙ ወጪውን ሊመልስ ጥቂት ነበር የቀረው። የቀሩት ጥቂት መቶ ገዢዎች በጊዜ ብዛት የሚመጡ ናቸው።

አሁን ዋጋውን ወደ 10 ዶላር እናውርደው፤ መሸጫውንም ስቲም ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት ትልቅ የኢንተርኔት ገበያ ላይ እናድርገው። ስቲም ከመቶ 30 ይወስዳል። ሠሪው እጅ የሚገባው 7 ዶላር ነው። 120 ሺህን ለ7 ስናካፍል ከ17 ሺህ በላይ ይሆናል። በግማሽ ዋጋ ቅናሽ ብቻ የሚሸጥ ቢሆንስ? በአንድ ቅጂ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ያኔ ከ34 ሺህ በላይ ገዢ ያስፈልጋል። በ99 ሳንቲም ከሆነ ደግሞ ከ170 ሺህ በላይ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እዩአቸው፦ 4,300፣ 17 ሺህ፣ 34 ሺህ፣ 170 ሺህ። ጌሙ ያው ነው። ሥራውም ያው ነው። የተለወጠው ስንት ሰው መገኘት እንዳለበት ብቻ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጌም የሚወድ 170 ሺህ ሰው ከሌለ፣ ርካሹ ዋጋ ሠሪውን ከሥራ ያስወጣዋል። ቮገል ያን ሰሞን "የኢንዲ ጌም ዋጋ መጨመር አለበት" ብሎ ሲከራከር የነበረው ለዚህ ነው፤ ኢንዲ ማለት ያለ ትልቅ ኩባንያ የሚሠራ ጌም ነው። ብዙ ሰው ስግብግብ ብሎታል። እኔ ግን ሒሳቡን ከሠራሁ በኋላ ያንን ቃል ልጠቀምበት አልችልም።

"ስታርዲው ቫሊ 15 ዶላር አይደል እንዴ?" የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ልክ ነው፣ 15 ዶላር ነው። ኤሪክ ባሮን ብቻውን ለዓመታት ሠርቶ በ2016 አወጣው። እሱም የዚያው የሲያትል ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የተጨመረበት ነገር ሁሉ በነጻ ነው። ግን ያ ጌም ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። እርሻ፣ ጎረቤት፣ ዓሣ ማጥመድ፤ ልጅም አዋቂም ይወደዋል። ብዛቱ ዝቅተኛውን ዋጋ ይሸከመዋል። አንደርቴል የሚባለው አርፒጂም በ2015 በ10 ዶላር ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። በእነዚህ ጌሞች ዋጋ ተመርቶ ለጥቂት ሰው የሚሆን ጌም ዋጋ መቁረጥ ግን፣ በሎተሪ አሸናፊ ኑሮ የወር ወጪ እንደማውጣት ነው።

ታሪኩ ግን በ28 ዶላር አያበቃም። እውነቱን መናገር ስላለብኝ ቀጣዩን ክፍል አልዘለውም።

በ2011 ቮገል አቫዶን የተባለውን ጌም ስቲም ላይ በ10 ዶላር አወጣ። ዋጋ ይጨመር ሲል የነበረው ሰው ማለት ነው! ምን ተለወጠ? ቦታው። በራሱ ገጽ ሲሸጥ የሚመጣው ፈልጎ የመጣ ሰው ነበር። ስቲም ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ጌሙን በገበያ መሐል ያየዋል። ያኔ ስቲም የሚያስገባው ጌም ጥቂትና የተመረጠ ነበር፤ መግባት ብቻውን ትልቅ ማስታወቂያ ነው። ብዙ ሰው ካለፈ በ7 ዶላርም ይተረፋል።

ያ ዘመን አለፈ። ከ2017 ጀምሮ 100 ዶላር የከፈለ ሁሉ ጌሙን ስቲም ላይ ማስገባት ይችላል። በ2024 ብቻ ከ18 ሺህ በላይ ጌም ወጥቷል። በዚህ ጎርፍ ውስጥ 10 ዶላር መሆን ማንንም አያስቆምም። ቮገልም ይህን አይቶ ይመስለኛል፣ በ2019 ኩዊንስ ዊሽን ሲያወጣ ዋጋውን 20 ዶላር አደረገው። ከ28 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 20። ይህ መወላወል አይደለም። በየጊዜው በር ላይ የሚቆመው ሰው ማን እንደሆነ ማየት ነው።

ሌሎችም በራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ኬቭስ ኦፍ ኩድ የሚባለው አርፒጂ ገና ሳያልቅ ለዓመታት እየተሸጠ፣ ሥራው በገፋ ቁጥር ዋጋው ከፍ እያለ፣ በ2024 መጨረሻ ሲጠናቀቅ 30 ዶላር ገባ። ቀድሞ ያመነ በርካሽ ገዛ። ይህ አካሄድ ደስ ይለኛል፣ ማንም አልተከዳም።

(ስክሪኑ ላይ፦ የስቲም ገጽ፣ የቅናሽ ምልክት።)

ጌም ለምትሠሩ ደግሞ ጥቂት ነገር ልጨምር። ስቲም ላይ ዋጋ መቀነስ ቀላል ነው፤ መጨመር ግን ያስከፍላል። ከጨመራችሁ በኋላ 30 ቀን ቅናሽ ማድረግ አትችሉም፣ ተጫዋቹም ያኮርፋል። ስለዚህ መነሻው ላይ ከፍ ማለት ይሻላል። ሌላው፣ ጌማችሁን ዊሽሊስት ውስጥ (ወደፊት ልግዛቸው ብሎ በሚያስቀምጣቸው ጌሞች ዝርዝር) ላስገባ ሰው ስቲም ኢሜይል የሚልከው ቅናሹ ከመቶ 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። 20 ዶላር የነበረ ጌም በግማሽ ሲሸጥ 10 ዶላር ነው፤ ገዢው እሰየው ይላል። 10 ዶላር የነበረው በግማሽ ሲሸጥ ግን 5 ዶላር ነው፣ ከዚያም ሠሪው ጋ የሚደርሰው 3 ከ50 ብቻ። መቀነሻ ቦታ ሳትተዉ አትጀምሩ።

የገዢውንም መብት አትርሱ። ከገዛ 14 ቀን ያልሞላው፣ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወተ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ለአርባ ሰዓት ጌም ሁለት ሰዓት መግቢያው ማለት ነው። መግቢያችሁ አሰልቺ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ይመልሱታል።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልናገር። አዲስ አበባ ሆኖ ስቲም የሚከፍት ሰው ዋጋውን የሚያየው በዶላር ነው፤ በብር የሚባል አማራጭ የለም። ከሐምሌ 2024 በፊት 20 ዶላር በባንክ ምንዛሪ ወደ 1,150 ብር ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው ጌም ከ2 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ሲያትል ላይ ተገቢ የሆነው ዋጋ እዚህ የሳምንት አስቤዛ ነው። ስቲም ለአንዳንድ አገሮች ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲቆረጥ ሠሪዎችን ያማክራል፤ እንደ እኛ በሙሉው የዶላር ዋጋ የሚከፍል ተጫዋች ግን ቅናሽ መጠበቅ ነው ዕጣው። ከዓመት በኋላ የሚመጣ የ75 በመቶ ቅናሽ እኛን የመሰለ ገዢ የሚገባበት በር ነው። ስለዚህ ሠሪዎች ከፍ ብለው ጀምረው ቆይተው በደንብ ሲቀንሱ ቅር አይለኝም። ቀድሞ የገዛው ሥራውን ያቆመዋል፣ እኛም ስንደርስ ጌሙ አለ።

(ስክሪኑ ላይ፦ ከጄንፎርጅ 2 አንዲት ፋዮራ፣ ከተጫዋቿ ኋላ ስትሄድ።)

በ2024 ቮገል ጄንፎርጅ 2ን በአዲስ መልክ ሠርቶ አወጣ። ያኔ ድርጅቱን ካቋቋመ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ዋጋው 20 ዶላር ነው። ዴሞ አለው፣ በነጻ። አውርዱትና ፋዮራዋን ፍጠሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መንገዱ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ፣ ለእናንተ ስንት እንደሚያወጣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።