ካልለካችሁ አትንኩ
ስለ ቪዮሌ-ለ-ዱክ ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎችና ለቅርስ ወዳጆች የተደረገ ንግግር

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው። ሙሉ ስሙ ዩጂን ኢማኑኤል ቪዮሌ-ለ-ዱክ ይባላል። እኔ ቪዮሌ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከልጅነቱ ልነሳ። ቪዮሌ በ1814 ፓሪስ ተወለደ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ የቤታቸው ሽማግሌ አገልጋይ ኖትርዳም ካቴድራል ይዞት ይሄዳል። ሕዝቡ ብዙ ስለነበር አቅፎታል። የልጁ ዓይን እንደ ጽጌረዳ ክብ በሆነው ትልቅ ባለቀለም መስኮት ላይ ያርፋል። ፀሐይዋ በመስታወቱ አልፋ ትገባለች። ድንገት ኦርጋኑ ተሰማ። ልጁ ግን የዘመረው መስኮቱ ነው ብሎ አመነ። አገልጋዩ ነገሩን ሊያስረዳው ቢሞክርም አልሰማውም። እንዲያውም አንዱ መስታወት ወፍራም ድምፅ፣ ሌላው ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ መሰለው። በመጨረሻ በጣም ስለፈራ ይዘውት ወጡ። ይህን ራሱ አድጎ ጽፎታል። ያ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ያንኑ ካቴድራል እንዲያድስ ተመረጠ።

ያን ጊዜ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ እንደዛሬ አይከበርም ነበር። በትልቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት የግሪክና የሮም ነው። ጎቲክ፣ ማለትም የመካከለኛው ዘመን ባለ ሹል ቅስት አሠራር፣ የኋላ ቀር ሰዎች ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ቪዮሌ እዚያ ትምህርት ቤት አልገባም አለ። ቤተሰቡ የተማረና ሰው የሚያውቅ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር። እሱ ግን ደብተሩን ይዞ አገሩን እየዞረ መሳል መረጠ። የተማረው ከድንጋዩ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ የተሰነጠቀውን በእጁ ዳስሶ፣ ለክቶና ስሎ ነው የተማረው።

ሥራው በደንብ የተጀመረው በ1840 ነው። የታሪካዊ ቅርሶች ዋና ተቆጣጣሪ ፕሮስፔር ሜሪሜ የሚባል ሰው ነበር። ሜሪሜ ደራሲም ነው። በየአውራጃው እየዞረ ሊፈርሱ የደረሱ አብያተ ክርስቲያናትን ይመዘግባል። ከእነሱ አንዱ በቡርጎኝ፣ ቬዝሌ ኮረብታ ላይ ያለው የማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1146 መነኩሴው በርናርድ ዘክሌርቮ ሁለተኛውን የመስቀል ጦርነት የሰበከው በዚያ ኮረብታ ነው። ሜሪሜ ውስጡ ተቀምጦ ሲስል ትንንሽ ድንጋዮች ከላይ እየተላቀቁ በዙሪያው ሲወድቁ ይሰማ ነበር። ያን አደገኛ ሥራ የሰጠው ለ26 ዓመቱ ቪዮሌ ነው።

ችግሩ ምን ነበር? ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የድንጋይ ቅስት ጣሪያ ወደ ታች ብቻ አይከብድም። ወደ ጎንም ይገፋል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ መዳፍ ለመዳፍ ገጥመው ወደ ፊት ሲያዘነብሉ አስቡ። እጃቸው ላይ ክብደት በጨመራችሁ ቁጥር እግራቸው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቬዝሌ የደረሰባት ይኸው ነው። ከባዱ ጣሪያ ግድግዳዎቹን ለዘመናት ወደ ውጭ ገፋቸው። ግድግዳዎቹ ዘመሙ። ቅስቶቹም ክባቸውን ለቀው ተለጠጡ። ከውጭ እንዲደግፉ ኋላ የተጨመሩት ቅስቶችም የሚፈለግባቸውን አልሠሩም። አንዱን ድንጋይ ያለቦታው ብትነካው ሙሉው ሊወርድ ይችላል።

ቪዮሌ በጥንቃቄ ደግፎ፣ ጣሪያውን በየተራ አፍርሶ ቀለል ባለ ቅስት ተካው። የውጭ ደጋፊዎቹን እንደገና ሠራ። ሥራው እስከ 1859 ድረስ ሄደ። ቬዝሌ ዛሬ ቆማለች፤ ከ1979 ጀምሮም በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ያ ልጅ ባይደርስላት ኖሮ ዛሬ የድንጋይ ክምር ሆና ነበር ብዬ አምናለሁ።

ግን ያኔም አንድ ነገር አድርጓል። ከዋናው አዳራሽ ጣሪያ ጥቂቱ ክፍል በኋላ ዘመን በጎቲክ ተሠርቶ ነበር። የቀረው ከጎቲክ የቀደመው፣ ክብ ቅስት ያለው የሮማንስክ ሥራ ነው። ቪዮሌ ከጎቲኩ አብዛኛውን አንስቶ አዳራሹ አንድ ወጥ እንዲመስል አደረገ። ውብ ነው፤ የሚካድ አይደለም። ግን አንድ የታሪክ ገጽ ተቀደደ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ኖትርዳም ልሂድ። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1793፣ ከፊት ለፊቱ ተደርድረው የነበሩትን 28 የነገሥታት ሐውልቶች ሕዝቡ አወረዳቸው። የፈረንሳይ ነገሥታት መስለውት ነው። እነሱ ግን የይሁዳ ነገሥታት ነበሩ፤ የመጽሐፍ ቅዱሶቹ። አንገታቸው ተቆረጠ። ጣሪያው ላይ የነበረው ሹል ማማም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተነቅሏል። በ1831 ቪክቶር ሁጎ ስለ ኖትርዳም የጻፈው ልብ ወለድ ወጥቶ ፓሪስ ለካቴድራሏ እንድትቆረቆር አደረጋት። ከዚያ ካቴድራሉን ለማደስ ውድድር ወጣ። በ1844 ቪዮሌና ላሱስ የሚባል ባልደረባው አሸነፉ።

ለውድድሩ ያስገቡት ጽሑፍ በጣም ትሑት ነው። የሚያድስ ሰው ራሱን መደበቅ፣ የራሱን ጣዕም መርሳት አለበት ይላል። ሥራው የነበረውን ማጥናትና መታዘዝ ነው ይላል። እኔ ይህን ክፍል ለተማሪዎቼ ሁሌ አነብላቸዋለሁ።

ላሱስ በ1857 ሞተ። ቪዮሌ ብቻውን ቀረ። በ1859 አዲሱን ሹል ማማ አቆመ። ከመሬት እስከ ጫፉ 96 ሜትር ነው። ውስጡ የኦክ እንጨት፣ ልብሱ የእርሳስ ማዕድን። ቅርፁ የድሮው ትክክለኛ ግልባጭ አይደለም፤ ከድሮውም ከፍ ይላል። ከሥሩ 12 ሐዋርያትና የአራቱ ወንጌላውያን ምልክቶች፣ ሁሉም ከመዳብ፣ በደረጃ ቆሙ። ሌሎቹ ሐዋርያት ወደ ከተማው ያያሉ። የአርክቴክቶች ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ቶማስ ግን ዞሮ ወደ ማማው ቀና ብሏል። ፊቱ የቪዮሌ ፊት ነው። በፊት ለፊቱ ሁለት ማማዎች ሰገነት ላይ ያሉትን፣ ቱሪስት ሁሉ የሚያነሳቸውን እንግዳ አውሬዎችም ያቆማቸው እሱ ነው። ብዙ ሰው የመካከለኛው ዘመን ይመስሉታል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው።

የነገሥታቱንም ሐውልቶች መልሶ አስቀረጸ። ሞዴል ግን አልነበረም፤ ጭንቅላቶቹ ጠፍተዋል። ስለዚህ በሻርትር፣ በራንስና በአሚየን የቀሩትን አጥንቶ፣ ከቀራጮቹ ጋር ሆኖ በግምት ሠራ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ1977፣ በፓሪስ መሀል ለግንባታ ሲቆፈር 21 ጭንቅላቶች ከመሬት ወጡ። ዛሬ ክሉኒ ሙዚየም ናቸው። የአንዳንዶቹ ጉንጭ ላይ የጥንቱ ቀለም ምልክት አሁንም አለ። ቪዮሌ እነዚያን ፊቶች ሳያይ ሞተ።

አሁን ወደተውኩት ነገር ልመለስ። ቪዮሌ ስለ ፈረንሳይ የመካከለኛው ዘመን ሥነ ሕንፃ አሥር ቅጽ መዝገበ ቃላት ጽፏል። ከ1854 እስከ 1868 ነው የወጣው። እዚያ ውስጥ “እድሳት” የሚለውን ቃል ሲፈታ እንዲህ ይላል፦ ሕንፃን ማደስ ማለት መንከባከብ፣ መጠገን ወይም እንደገና መሥራት አይደለም፤ ምናልባት በየትኛውም ጊዜ ኖሮ ወደማያውቅ ምሉዕ ሁኔታ መመለስ ነው።

ኖሮ ወደማያውቅ! ያ ራሱን ደብቆ እታዘዛለሁ ያለው ወጣት የት ሄደ? በእኔ አስተያየት እውቀቱ ነው የወሰደው። ብዙ ከማወቁ የተነሳ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኛ በእሱ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ የማውቀው እኔ ነኝ አለ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ራስኪን ደግሞ እድሳት ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው ብሎ የጻፈው ከዚያ በፊት ነው። ራስኪን ሕንፃው በወግ ይርጅ የሚል ሰው ነው። ሁለቱም ሕንፃ ይወዱ ነበር። ክርክራቸው ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ግን ቬዝሌን ሳስብ ለራስኪን መቶ በመቶ እሺ ማለት ያቅተኛል። እሱን ቢሰሙት ኖሮ ጣሪያው ወርዶ ነበር።

ሌላውን ሥራ ቶሎ ልለፈው። የፈረንሳይ ነገሥታት በተቀበሩባት ሳን-ደኒ፣ ከመብረቅ አደጋ በኋላ ከልክ በላይ ከብዶ የታደሰው ሰሜናዊ ማማ ሲሰነጠቅ ያወረደው እሱ ነው። ካርካሶን የምትባለውን የቅጥር ከተማ አድሷል፤ ሹል የጥቁር ድንጋይ ጣሪያዎቹ ለደቡብ አገር አይመጥኑም ተብለው ተተችተዋል። በቱሉዝ የሳን-ሰርናን ባዚሊካ ላይ የጨመረውን በ1990ዎቹ ሌሎች አርክቴክቶች መልሰው አነሱት። አስቡት፤ የእድሳቱን እድሳት! በ1863 ድሮ አልገባም ባለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ተሾመ። ተማሪዎቹ ጮኸውበት በማግስቱ ዓመት ለቀቀ። የኒውዮርክን የነፃነት ሐውልት የውስጥ አካል መጀመሪያ ያሰበው እሱ ነበር። ሲሞት ሥራው ወደ መሐንዲሱ ኤፌል ሄደ። የሞተው በ1879፣ ካቴድራሉን ያድስባት በነበረች ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ነው።

አሁን ስለ እኔ ጥቂት ልበል። ወጣት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለክተን ነበር። ሜትር ይዘን ሁለት ቀን ሙሉ። የምሰሶዎቹን ውፍረት፣ የበሩን መቃን፣ የጣሪያውን ወራጅ ሳይቀር መዘገብን። ሥዕሉን ለአንድ ቢሮ አስረከብን፤ ለራሳችን ኮፒ አላስቀረንም። ከዓመታት በኋላ ስሄድ የድሮው ቤት የለም። በሲሚንቶ አዲስ ተሠርቷል። ሕዝቡ በደስታ ነው የሠራው፤ በእነሱ አልፈርድም። ቢሮው ሄጄ ሥዕሉን ብጠይቅ “የለም” ተባልኩ። ያ ቤት ዛሬ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቪዮሌን በስህተቱ ሁሉ የምወደው ለዚህ ነው። ያፈረሰውንም የጨመረውንም ስሏል፤ ለክቷል። ከእሱ ጋር የማይስማማ ሰው እንኳ የሚሟገተው በእሱ ሥዕሎች ነው።

ማርች 2019 ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው ነበር። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ያለው የብረት መጠለያ ነገር ሕዝቡን አስጨንቆ ስለነበር፣ አገራቸው በእድሳቱ እንደምትረዳ ቃል ገቡ። ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 15 ማታ፣ የራሳቸው ኖትርዳም ተቃጠለ። የዚያን ምሽት ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ ነበር። ማማው ከወገቡ ተሰበረ፤ ዘንበል አለ፤ የድንጋዩን ጣሪያ በስቶ ወደቀ።

ሐዋርያቱ ግን አልነበሩም። ለጥገና ተብለው አሥራ ስድስቱም ሐውልቶች ከአራት ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 11፣ በክሬን ወርደው ነበር። ቶማስም አብሯቸው። እኔ ይህን ተራ አጋጣሚ ማለት ይከብደኛል።

ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ የመስታወት ማማ ይሁን አለ፤ ሌላው አዲስ ዲዛይን ይምጣ አለ። በ2020 ማማው ቪዮሌ እንደሠራው ይመለስ ተባለ። የሚቻል ያደረገው ሥዕል ነው። የማማው ሥዕሎች ነበሩ። የተቃጠለውን የመካከለኛው ዘመን የጣሪያ እንጨት ደግሞ ፍሮሞንና ትራንትሶ የሚባሉ ሁለት አርክቴክቶች በ2014 አንድ በአንድ ለክተውት ነበር። ማንም ይቃጠላል ብሎ ባላሰበበት ጊዜ፣ ጨለማ ጣሪያ ውስጥ ገብተው። ወደ 2,000 የሚጠጋ የኦክ ዛፍ ተቆረጠ። አናጢዎቹ የጣሪያውን ግንድ በመጥረቢያ ጠረቡ። ዲሴምበር 2024 በሩ ተከፈተ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። በቪዮሌ ማማ ውስጥ፣ ከታች ማንም በማያየው ቦታ፣ እንጨቱ ላይ የተመታ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነበረ። ማማው በ1859 መሠራቱን ይናገራል። የአርክቴክቱን ስም ይጠራል፤ ከእሱ ቀጥሎ የእንጨት ሥራውን ተቋራጭ፤ ከዚያም የአናጢዎቹን አለቃ፣ ጆርጅን። በእሳቱ ማግስት ደግሞ የማማው ጫፍ ላይ የነበረው የመዳብ አውራ ዶሮ ተጨማዶ፣ ተቦድሶ ከፍርስራሹ መሀል ተገኘ። አዲሱን ዶሮ የሳለው የእድሳቱ ዋና አርክቴክት ፊሊፕ ቪልነቭ ነው። ዲሴምበር 2023 ላይ ወደ ጫፉ ከመውጣቱ በፊት ሆዱ ውስጥ አንድ ጥቅል ወረቀት ተከተተበት። ወረቀቱ ላይ ካቴድራሉን መልሰው ያቆሙት ሰዎች ስም ተጽፏል። ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋሉ።

አመሰግናለሁ።