ጥሩ ምንጣፍ በምን ይታወቃል? ውፍረቱን ተዉትና ጥቅጥቅነቱን እዩ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! ዛሬ ምንጣፍ እንመርጣለን። ለቤትም ይሁን ለቢሮ፣ መደብር ስትገቡ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? እጃችሁን ሰደድ አድርጋችሁ ትዳስሳላችሁ። ለስላሳ ነው? ወፍራም ነው? «በቃ፣ ይሄ ነው!» ቆይ! ቆይ። ልስላሴው የሚነግራችሁ የዛሬውን ብቻ ነው። ሰው ሲመላለስበት ከርሞ ምን እንደሚመስል የሚነግራችሁ ጥቅጥቅነቱ ነው። ጥቅጥቅነት! ይቺን ቃል ያዙልኝ።

እስቲ አውቶቡስ አስቡ። የቆሙት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። አንዱ ወደ ፊት ይንደረደራል፣ አንዱ ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። አሁን ያንኑ አውቶቡስ መፈናፈኛ እስኪጠፋ ሙሉት። ሾፌሩ እንደ ልቡ ፍሬን ይያዝ፤ ማን ይወድቃል? ማንም! መውደቂያ ቦታ የለማ! አንዱ ሌላውን ደግፎ ያቆመዋል። የምንጣፍ ጸጉርም እንደዚያው ነው። በረገጣችሁት ቁጥር ፍሬን ያዛችሁበት ማለት ነው። የተጠጋጋ ከሆነ ተደጋግፎ ይቆማል። የሳሳ ከሆነ ይተኛል። ቁመቱም አለ፦ ረጅም ሰው ሲወድቅ ብዙ ቦታ ይዞ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ረጅም ሆኖ የሳሳ ጸጉር ከሁሉም የከፋው ነው። መደብር ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው!

ስሌቱ አጭር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያለውን የጸጉር ክብደት ለጸጉሩ ቁመት አካፍሉ። 900 ግራም ለ6 ሚሊ ሜትር፣ 150። ያው 900 ግራም ለ12 ሚሊ ሜትር፣ 75። ክሩ እኩል ነው፣ ጥቅጥቅነቱ ግን ግማሽ።

መግለጫ ወረቀት ከሌለው ጸጉሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ምንጣፉን ወደ ኋላ እጠፉት። እጥፋቱ ላይ ጸጉሩ ይከፈታል። ጀርባው እንደ ጥርስ ፈገግ ብሎ ከታያችሁ ሳስቷል። ጸጉሩ የተቆረጠ ዓይነት (ጫፉ ቀለበት ያልሠራ) ከሆነ የአንዱን ክር ጫፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት። እንደ ገመድ ጠበቅ ብሎ የተገመደ ነው ወይስ እንደ አሮጌ ብሩሽ ተበትኗል? ጫፉ ገና በአዲስነቱ ከተበተነ፣ ሲረገጥ እርስ በርሱ ይያያዝና ይተኛል።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁኝ ልምጣ። «ከባድ ምንጣፍ ጥሩ ምንጣፍ አይደለም ወይ?» አይደለም! ክብደቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በማሽን የሚሠሩ ብዙ ምንጣፎች ጸጉራቸው ከጀርባው ጋር የሚያያዘው በላቴክስ ሙጫ ነው። ሙጫው ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመራል፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፣ ማጭበርበርም አይደለም። ግን ድንጋይ ከባድ ነው፤ እናንተም «ምንኛ ከበደ!» ብላችሁ ዱቄቱን ትሸከማላችሁ። እግራችሁ የሚረግጠው ጸጉሩን ነው፣ ዱቄቱን አይደለም። መግለጫው ላይ ሁለት ክብደት ካለ፣ ከጠቅላላው ክብደት ይልቅ የጸጉሩን ክብደት ተመልከቱ። ስታጥፉት ጀርባው ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ካራገፈ፣ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ክሩን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ናይለን ከሰው ሠራሾቹ ሁሉ ተረግጦ በመነሳት አንደኛ ነው፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ አታመንቱ። ፖሊስተር ለስላሳ ነው፣ ግን ይተኛል፤ ለመኝታ ቤት ይሁን። ፖሊፕሮፒሊን ውኃ አይመጥም፣ ዘይት ግን አይለቅም፤ ከባድ ዕቃ ከጎተታችሁበት በፍትጊያው ሙቀት ቀልጦ የሚያብረቀርቅ መስመር ይቀራል። ሱፍ ግሩም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ብናኝ ጸጉር ቢጥል አትደንግጡ፣ አጫጭሩ ክር ነው የሚወጣው። በረኪና ግን እንዳታስነኩት፤ ሱፍን ይበላዋል! (ስለ እጥበት ራሱን የቻለ ቪዲዮ እናቀርባለን፣ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁን።)

ለቢሮ፣ ጸጉሩ ያልተቆረጠ፣ ቀለበት የሠራ፣ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ምረጡ። ጎማ ያለው ወንበር ረጅም ጸጉርን ያርሰዋል። ከሥር ወፍራም ስፖንጅ ከነጠፋችሁ ደግሞ ምንጣፉ በየቀኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ መጋጠሚያው ይላቀቃል። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ የሚመጣው ለቢሮ ምቹ ነው፤ ቡና የፈሰሰበትን አንዱን አንስቶ መቀየር ነው። ከአንድ የምርት ዙር ጥቂት መለዋወጫ አስቀሩ፤ ዙሩ ከተለየ ቀለሙም ይለያል። የአውሮፓው ኢኤን 1307 ደረጃ ከተጻፈበት፣ ከ21 እስከ 23 ያለው የመደብ ቁጥር ለቤት፣ ከ31 እስከ 33 ያለው ለሥራ ቦታ ነው፤ በየምድቡ ውስጥ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብዙ መረገጥ ይችላል።

ሙሉ ወለል የምታለብሱ ከሆነ፣ ከማዘዛችሁ በፊት የጥቅሉን ስፋት ጠይቁ። 4 ሜትር የሆነ ጥቅል 4.30 ለሆነ ክፍል አይበቃም፣ መጋጠሚያ ይኖረዋል። መጋጠሚያው በር ላይ እንዳያርፍ። ሁለቱም ቁራጮች ጸጉራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፤ አንዱ ከዞረ ያው ምንጣፍ ሁለት ቀለም ሆኖ ይታያል፣ ከተለጠፈ በኋላም ማስተካከያ የለውም።