የሬድ ስኬልተን ክላውኖች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ሬድ ስኬልተን ላወራችሁ ነው። አሜሪካዊ ኮሜዲያን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1971 በቴሌቪዥን ሰውን ሲያስቅ ኖሯል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ክላውን ይሥል ነበር፤ ክላውን ማለት ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ሰው የሚያስቅ የሰርከስ ተጫዋች ነው።

ብዙ ሰው ከቴሌቪዥን ከወጣ በኋላ ሠዓሊ የሆነ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ብሩሽ ያነሳው በ1940ዎቹ፣ ገና ስሙ እየገነነ ሳለ ነው። ለዓመታት ሥሎ ሥሎ ቤቱ ያስቀምጥ ነበር። በ1964 ላስ ቬጋስ፣ ሳንድስ ሆቴል መድረክ ላይ ሲጫወት፣ እስቲ እዚሁ ለሰው አሳያቸው ብላ የገፋፋችው ሚስቱ ጆርጂያ ናት። ሰዉም ወደዳቸው።

በ1970 ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ፕሮግራሙን ሰረዘበት። ተመልካች አጥቶ እንዳይመስላችሁ! ያን ጊዜም በብዛት ከሚታዩት አስር ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። ጣቢያው የፈለገው ወጣትና ከተሜ ተመልካች ነው፤ ማስታወቂያ የሚያሠሩት ድርጅቶች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ለእሱ ነዋ። ሌላው ጣቢያ ኤንቢሲ ወሰደው፣ እዚያም ከአንድ ዓመት አላለፈም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ሥራህ ጥሩ ነው፣ የሚወዱህ ሰዎች ግን አርጅተዋል ማለት እኮ ነው!

ሥዕሉን ግን ማን ይሰርዝበታል? ቀልድ መድረክ ይፈልጋል፣ የሚስቅ ሰው ይፈልጋል። ሸራ ፊት ለመቀመጥ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ኋላ ላይ ዋናዎቹ ሥዕሎች በአስር ሺዎች ዶላር ተሸጡ፣ የታተሙ ቅጂዎቻቸውም በየቤቱ ገቡ። ከቴሌቪዥን ይልቅ በሥዕል ብዙ ገንዘብ እንዳገኘ ይነገራል።

የሥነ ጥበብ ሰዎች የክላውን ሥዕል ሲባል ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ፤ የሳሎን ማሳመሪያ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ይህ ሰው ያንን ፊት ራሱ ተቀብቶ ያውቀዋል። ነጩ ቀለም አፍ ዙሪያ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ምን እንደሚመስል በእጁ ያውቃል። ሥዕሎቹን ስታዩ የተቀባውን ፈገግታ ለጊዜው ተዉትና ዓይኑ ላይ ቆዩ። ዓይኑ አይስቅም።

አባቱ በአንድ ወቅት የሰርከስ ክላውን ነበር። ሬድ በ1913 ሲወለድ አባቱ ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። ልጁ ሪቻርድ ደግሞ በ1958፣ በ9 ዓመቱ፣ በደም ካንሰር አረፈ። ብዙም ሳይቆይ ሬድ ወደ ካሜራው ተመለሰ፣ ሰውንም አሳቀ። እንዴት ቻለው? ሥዕሎቹን ሳይ ሁሌ የማስበው ይህንን ነው።

እስከ እርጅናው መድረክም ብሩሽም አልተወም፤ በ1997 አረፈ። በተወለደባት በቪንሴንስ ከተማ፣ ኢንዲያና፣ በስሙ ሙዚየም አለ። እዚያ አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ ሂዱና እዩልኝ። ቀለሙን እንዴት እንደደራረበው፣ ብሩሹ የት ጋ እንደከበደ ስልክ ላይ አይታይም። ያያችሁትን ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት አነበዋለሁ።