የተለቀቀው ገመድ

እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። ማንጋናው። የካሊፎርኒያው ማንጋና። ማንጋና በቻሬሪያ፣ ማለትም በሜክሲኮዎች የፈረስና የገመድ ውድድር፣ የምትጋልብ ባዝራን የፊት እግሮች በገመድ መያዝ ነው።

ቀስ ብለን እንየው። ክቡ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር 40 ሜትር ነው። ፈረሰኞች ባዝራዋን ከኋላ እየነዱ ዙሪያውን ያስጋልቧታል። ቻሮው፣ ማለትም ተወዳዳሪው ፈረሰኛ፣ መሬት ላይ በእግሩ ቆሟል። ገመዱን ከራሱ በላይ ያዞረዋል፣ ከጎኑ ያዞረዋል፣ ሸምቀቆው ውስጥ ዘሎ ይገባና ይወጣል፤ ፍሎሬዮ ይሉታል፣ ነጥብም ያስገኛል። ባዝራዋ ስትደርስ ሸምቀቆው ከፊት እግሮቿ ፊት እንደ በር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ከቸኮለ ሸምቀቆው መሬት ላይ ይተኛና ትዘለዋለች። ከዘገየ ጉልበቷን መትቶ ይወድቃል። ሰዓቱን ከጠበቀ ግን ሁለቱም እግሮች ይገባሉ። ሜክሲኮ ቢሆን ቻሮው ገመዱን ዳሌው ላይ አሳርፎ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀመጥበታል፤ ባዝራዋ ትወድቃለች። ካሊፎርኒያ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ፈረስን እግሩን ጠልፎ ለትርዒት መጣልን በሕግ ከለከለች። ስለዚህ እግሮቹ ሲገቡ... እጁን ይከፍታል። ገመዱ ይላላል፣ ባዝራዋ አልፋው ትሄዳለች።

እኔ የማስበው ያቺን እጅ ነው። መያዝና መሳብ ለለመደ ሰው አንድ እንቅስቃሴ ናቸው፤ መሃላቸው ክፍተት የለም። ግማሽ እርምጃ ቢዘገይ ባዝራዋ በራሷ ፍጥነት ሸምቀቆውን ታጠብቀዋለች። ስለዚህ የሚለቀው ከያዘ በኋላ አስቦ አይደለም፤ ገና ሳይወረውር ወስኖ መግባት አለበት። ይሄ ሌላ ሙያ ነው። ወይስ... እንጃ።

ሕጉን አልቃወምም። በግልቢያ ላይ ያለ ፈረስ በፊቱ ሲደፋ እግሩ ሊሰበር ይችላል፣ አንገቱም። ይሄን አይቶ ዝም በሉ የሚል ሰው ፈረስ ይወዳል አልልም።

ግን ሌላውን የገመድ ውድድር፣ ፒያልን ተመልከቱ። እዚያ ቻሮው በፈረስ ላይ ነው፤ 60 ሜትር በ12 በሆነው ረጅም መግቢያ የምትሮጠውን ባዝራ የኋላ እግሮች ይይዝና ገመዱን ከኮርቻው ፊት ባለው ሰፊ የእንጨት ራስ ላይ ይጠቀልላል። ጥብቅ አድርጎ አይይዝም፤ እያንሸራተተ ይሰጣል፣ እንጨቱ እስኪጨስ ድረስ። ባዝራዋ ሳትወድቅ ቀስ በቀስ ትቆማለች። አብዝቶ ከሰጠ አትቆምም፤ ከነፈገ ትደፋለች ወይም ገመዱ ይበጠሳል። አውራ ጣት ደግሞ ወደ ላይ! ገመዱና እንጨቱ መሃል ከገባ ይቆረጣል፤ ጣታቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። ምን ልል ነበር... አዎ፣ ገመድ መስጠት ከድሮም በቻሬሪያ ውስጥ ያለ ጥበብ ነው። ካሊፎርኒያ ያመጣችው ባዕድ ነገር አይደለም ማለት ነው? ይሄን ሳስብ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን፣ ፒያል ላይ የሚሰጠው ገመድ ባዝራዋን ያቆማታል፤ ማንጋናው ላይ ሲለቀቅ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ ይሄም አያስኬድም።

ኤስካራሙሳን፣ የሴቶቹን የፈረስ ትርዒት፣ ሕጉ አይነካውም። ስምንት ሴቶች፣ ሁለቱም እግሮቻቸው በግራ በኩል፣ በግልቢያ ይተላለፋሉ፤ አንዷ በግማሽ ፈረስ ርዝመት ብትዘገይ ይጋጫሉ። በስደት አገር ሳይቀነስ የሚሻገረው የሴቶቹ ይሆን? እላለሁ፣ ደግሞ እተወዋለሁ።

ዩኔስኮ ቻሬሪያን በቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ በሜክሲኮ ስም። የአሜሪካ ቡድኖች ግን ሜክሲኮ ሄደው በብሔራዊ ውድድሩ ይወዳደራሉ። እዚያ መሳብ አለ፣ ካሊፎርኒያ መልቀቅ። አንድ እጅ ሁለቱንም...

የሚያስተምር አባት ደግሞ ገመዱን ለልጁ ሲሰጥ የቱን ያስቀድም? መሳቡን ካስቀደመ እጁ ይለምደዋል፣ መልቀቁን ካስቀደመ ደግሞ... እ... ቆይ፣ እሱን...