የወፈረ ሽሮና የረጋ ወተት

የተከበራችሁ የሞዴል ሥራ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተጋበዝሁት ስለ ባቡር ሞዴል እንድናገር ነበር። ይዤ የመጣሁት ግን ይህንን ነው፤ ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ አፉ ላይ ቅርፊት የሠራ፣ ግማሹ ያለቀ የእንጨት ኮላ። ሳቃችሁ ነገሩን ይመሰክራል፤ እንዲህ ያለ ጠርሙስ የሌለበት ቤት የለም።

ይህ ጠርሙስ የስድስት ወር ሥራ አበላሽቶብኛል። ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባውን የ784 ኪሎ ሜትር መስመር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ እኔ በምሠራበት ልክ፣ እውነተኛው መጠን በ87 ሲካፈል፣ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያ ልክ አንድ የዕቃ ፉርጎ ሠራሁ፤ ጣሪያውን በክብሪት እንጨት አንድ በአንድ ደረደርሁት። ኮላው ያን ጊዜ እንደ ማር ይሳብ ነበር። «ወፍራም ኮላ ጠንካራ ኮላ ነው» ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ስስት ነው ያናገረኝ። እንዲያውም ቅርፊቱን ከላይ ገፍፌ በመጣል ፈንታ ወደ ውስጥ አማስዬዋለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፉርጎውን ለእንግዳ ላሳይ ብድግ ሳደርገው ጣሪያው እጄ ላይ ቀረ፤ ገላው ጠረጴዛው ላይ። ያን ሌሊት ከሐዘኑ ይልቅ የኮላው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የደረቀውን ኮላ በጥፍሬ ሳነሣው እንደ ላስቲክ ልጥ ብሎ ወጣ። ጀርባውን በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ልሙጥ ነው፤ አንዲት የእንጨት ጭረት እንኳ የለበትም። እንጨቱን ነክሶት አያውቅም ማለት ነው። ላዩ ላይ ተኝቶ ደረቀ እንጂ አልያዘውም።

ምክንያቱን ለመረዳት የነጩን ኮላ ባሕርይ ማወቅ ይበቃል። መሠረቱ ፖሊቪኒል አሲቴት ይባላል፤ ፍሪትዝ ክላተ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1912 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነገር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በውኃ ላይ የተበተነ እጅግ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው፤ ወተት የሚመስለውም ለዚህ ነው። ስንቀባው ውኃው ከፊሉ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ ከፊሉ ይተናል፤ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው አንድ ይሆናሉ፤ ነጭነቱም ጠፍቶ ጥርት ይላል። ውኃው ኮላውን ወደ እንጨቱ ቀዳዳ የሚያስገባው መንገድ መሪ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ካለቀ ኮላው መንገዱን የሚያውቅለት የለውም።

ስለዚህ ኮላ ሲወፍር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ የወፈረ ሽሮ ነው ወይስ የረጋ ወተት? ሽሮ ቢወፍር ውኃ ይመልሰዋል። የረጋ ወተት ግን ውኃ ቢያፈስሱበት ወተት አይሆንም። ጉብታ የሌለው፣ ሲያማስሉት እኩል የሚዞር ኮላ ሽሮ ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር ኮላ ከ5 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ንጹሕ ለብ ያለ ውኃ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ጠብ እያደረጋችሁ በቀስታ አማስሉት፤ አረፋ እንዳታስነሡ። ክደኑትና ይደር። ከዚያ በላይ ውኃ የሚጠይቅ ከሆነ ለመገጣጠሚያ አይሆንም። እንደ ላስቲክ የሚሳበው፣ እንደ እርጎ የተቆራረጠው፣ ሻጋታ ያወጣው ደግሞ የረጋው ነው፤ አትድከሙበት።

እዚህ ላይ ከአናጢዎች ጋር ያደጋችሁ «በእሳት ይመለሳል» ትሉኝ ይሆናል። እሱ ከቆዳና ከአጥንት የሚሠራው የጥንቱ ኮላ ነው፤ በፈላ ውኃ ላይ ተቀምጦ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ እንደገና ይሟሟል። ነጩ ኮላ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ጠርሙሱን ምድጃ ላይ የጣደ ወዳጅ አለኝ፤ የቀረውን አልነግራችሁም።

በሞዴል ሥራ ላይ ወፍራም ኮላ ሌላም ጠንቅ አለበት። እንጨቶቹን አራርቆ ያቆማቸዋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን አላት አትበሉ፤ በእኔ ልክ በእውነተኛው ፉርጎ ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ናት። ክፍተቱን ኮላው ይሞላዋል ብላችሁም ተስፋ አታድርጉ፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በስቴኪኒ ጫፍ ስስ አድርጎ ቀብቶ አጥብቆ መያዝ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም ይታሰብ፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ብዙው ነጭ ኮላ ቅንጣቶቹ ሳይዋሐዱ እንደ ኖራ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ያኔ ጥፋቱ የብርዱ ነው፤ አዲስ ኮላ ብትገዙም አያድናችሁም።

መጣል ለሚያመው ሰው ግን፣ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ፣ የወፈረውና ያልተበላሸው ኮላ አንድ ሥራ አለው። በስቶኪንግ ጨርቅ አጥልሉት፤ እኩል ውኃና አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ በሐዲዱ መካከል በደረደራችሁት ጠጠር ላይ አንጠብጥቡት። ጠጠርን የሚጎትት የለም፤ ደካማ ኮላ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ሙከራው። ትናንት ጠዋት ከዋንዛ ቁራጭ ሦስት ዓይነት ጥንድ አጣብቄ አሳድሬያለሁ። 1 ቁጥር አዲስ ኮላ ነው፤ 2 ቁጥር ወፍሮ በውኃ የተመለሰ፤ 3 ቁጥር ከዚህ ጠርሙስ የወጣ። ሦስቱንም በእጃችሁ ስበሩና የተሰበረበትን ቦታ እዩ። እንጨቱ ከተሰነጠቀ ኮላው ደኅና ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ልሙጥ ሆኖ ከተላቀቀ ኮላው ሞቷል። 3 ቁጥርን ለሰበረ ሰው ጉልበቱን አናደንቅለትም። ከፊተኛው ረድፍ እንጀምር፤ ስብርባሪውን ግን ወለሉ ላይ አትጣሉብኝ፣ ለፉርጎ ጭነት ይሆነኛል።